አባን የማይሰማው ማሽን

ወንድሜ ሮብሳን አዲስ አበባ ተቀምጦ ሁሉን በስልክ ማዘዝ ይወዳል። እማ የሞተች ጊዜ የለቅሶውን ድንኳን ሳይቀር በስልክ አዘዘ። ዘንድሮ፣ አባን ብቻውን ትቼው ወደ ሥራ መሄድ አልቻልኩም ስለው ደግሞ ኮምፒውተር ላከ። ራሱ ቢመጣ ምን ነበረበት? ኮምፒውተሩ ግን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሆኖ አምቦ ደረሰ።

አባዬ ኦቦ ጃርሶ ሠላሳ ዓመት ያስተማረ፣ የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን የመራ ሰው ነው። የዛሬ ስምንት ዓመት ግላኮማ ዓይኑን ጨርሶ ወሰደው። እማ ስትሞት እኔ፣ ኤቢሴ፣ እንጭኒ ከተማ የነበረኝን የላቦራቶሪ ሥራ ትቼ መጣሁለት። «ለጥቂት ወር ነው» ብዬ ነበር። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነኝ።

በዚህ ኅዳር ባኮ ላይ አንድ ጤና ጣቢያ ቀጠረኝ። እስከ ሰኞ፣ ኅዳር ማብቂያ ድረስ ሪፖርት ካላደረግኩ ተጠባባቂዋ ትገባለች። ለአባ ስነግረው፣ «ምግቡን ጉዴ ታደርስልኛለች» አለ። አዴ ጉዴ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። «እኔን የሚገድለኝ ዝምታው ነው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። መዝሙሬንና ሬዲዮኔን በገዛ አፌ ማዘዝ ከቻልኩ ሂጂ። ካልቻልኩ ግን ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሳዳምጥ ልዋል?» እኔም ቶሌ፣ እሺ አልኩት። ምን ልበል? ልጁ ነኝ።

ሮብሳን በስልክ እየነገረኝ ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁት። አባ በየገጠሩ እየዞረ የቀረጸው የመዘምራን ካሴት ሁሉ ተገልብጦ ገብቶበታል። በድምፅ የሚያሠራው ፕሮግራም ግን አማርኛ የሚባል ነገር አያውቅም። አባ እያንዳንዱን ቃል ሠላሳ ሠላሳ ጊዜ እየተናገረ ሊያስተምረው ግድ ሆነ፤ መጀመሪያ የሚቀሰቅሰውን «አዳምጥ»፣ ከዚያ «ክፈት»፣ «ዝጋ»፣ «ቀጥል»፣ «ጨምር»፣ «ቀንስ»። «በኦሮምኛ ይሁንልህ?» ብለው፣ «ተይው፣ ማሽን የቢሮ ዕቃ ነው፣ በአማርኛ ይታዘዝ» ብሎ ሳቀ። ቀረጻው በሁለት ቀን አለቀ።

ጉዱ የመጣው ስንሞክረው ነው። አባ «አዳምጥ» ይላል፣ ድምፁ ጉሮሮው ውስጥ ይቀራል። «ክፈ...» ብሎ ያስላል። ማሽኑ ጭጭ! «አየሽ? አልሰማ አለኝ» ይላል አንገቱን ደፍቶ። አንጀቴን ይበላኛል። ማይኩን አቀረብኩለት። የመንገዱ ጫጫታ ነው ብዬ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። ሌላ ማይክ ገዛሁ። እንደገና ሠላሳ ሠላሳ ጊዜ ቀረጽነው። ወይ ፍንክች! እኔ ስናገር እኮ አንዳንዴ ይከፍታል! ያስተማረው ግን አባ ነው።

አሥር ቀን እንዲህ ሆነ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል የተኛሁ ሰው ነኝ። አንድ ቀን፣ «አፍህን ከፈት አድርገህ ተናገር እንጂ! ሠላሳ ዓመት ያስተማርክበት ድምፅ የት ገባ?» ብዬ ጮህኩበት። ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ባኮ ቀረ አልኩ፣ እዚሁ ማርጀቴ ነው አልኩ።

ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ሮብሳን ደወለ። «ማሽኑ የሰማውን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚመዘግብበት ፋይል አለ። ክፈቺና አንብቢልኝ፣ የቱ ላይ እንደሚበላሽ እናውቃለን» አለ። አባ ጓሮ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ፋይሉን ከፈትኩት።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት፦ አዳምጥ፣ ተሰማ። ክፈት፣ ተሰማ። ጨምር፣ ተሰማ። ቀጥል፣ ቀጥል፣ ቀጥል፣ ሁሉም ተሰማ። በአራት ሰዓት እኮ እኔ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር! ወደ ሐሙስ ወጣሁ። ለመልቀቂያ ወረቀት ጤና ቢሮ ተገትሬ በዋልኩበት ቀን፣ ማሽኑ ሦስት ሰዓት ሙሉ አንዲት ቃል ሳይስት ለአባ ይታዘዝለታል። የመጨረሻዋ ቃል ሁልጊዜ «ዝጋ» ናት፤ እኔ ስመለስ የቆርቆሮው በር ሲንቋቋ ሰምቶ መሆኑ ነው። እኔ ቤት ባለሁበት ሰዓት ግን ያልተሰማ፣ ያልተሰማ፣ ያልተሰማ።

«ሄሎ? ኤቢሴ?» ይላል ሮብሳን። ዘጋሁበት።

ደሜ ፈላ። ጌታ ምስክሬ ነው፣ በአባቴ ላይ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ክንዱን ይዤ አስገብቼ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩትና ፋይሉን ከነሰዓቱ አነበብኩለት። ስጨርስ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«እውነት ነው» አለ። «ሠራ ያልኩ ዕለት ሻንጣሽን ታነሻለሽ። ማሽኑ ጥሩ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ግን እኔ ካላዘዝኩት አይናገርም። አንቺ ሳላዝሽም ታጉረመርሚያለሽ፣ ድስት ታጋጫለሽ፣ ትቆጪኛለሽ። ቤት ውስጥ ሰው አለ።»

«እኔስ?» አልኩ። «ፀጉሬ ሲሸብት፣ እዚህ ስበሰብስ አይታይህም?»

ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ነው የተናገርኩትን የሰማሁት። ለዓይነ ስውር ሰው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አባ ግን አልተቆጣም። ፊቱን ወደ ድምፄ አዙሮ፣ «አይታየኝም» አለ። «እኔ የማውቀው የዛሬ ስምንት ዓመት መልክሽን ነው። ሳስብሽ ገና ከኮሌጅ የወጣሽ፣ ሹሩባ የተሠራሽ ልጅ ነሽ። ጊዜ አላት እል ነበር። አሁን ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሠላሳ አራት።»

«ሠላሳ አራት» ብሎ ደገመው። ሌላም ሊጠይቀኝ ፈልጎ ነበር፤ ስለ ትዳር ይመስለኛል። ተወው።

ከዚያ ቀና ብሎ ተቀመጠ። አርባ ተማሪ ፊት በቆመ መምህር ድምፅ፣ ጥርት አድርጎ፣ «አዳምጥ» አለ። ማሽኑ ጢጥ ብሎ መለሰለት። «ክፈት።» የጉደር መዘምራን ቤቱን ሞሉት። «ቀንስ።» ቀነሰ። «ዝጋ።» ዘጋ።

«ሠራ» አለ አባ። «ለሮብሳን ደውይና ሠራ በይው። አንቺም ሂጂ።»

አሥር ቀን የለፋሁበት ነገር ተሳካልኝ። ደስታ የሚባል ግን አጠገቤም አልደረሰ። እሑድ ሙሉ ቀን ልብሱን አጠብኩ፣ መድኃኒቱን በየጠዋቱ ከፋፍዬ አስቀመጥኩ። ስለ ቅዳሜው ሁለታችንም አላነሳንም።

ሰኞ ጠዋት ባጃጅ መጣ። አባ ግንባሬን ስሞ ጸለየልኝና፣ «በሩ ድረስ አልወጣም፣ ብርድ ነው» አለ። ብርድ አልነበረም። ሻንጣዬን ይዤ አጥሩ ጋ ስደርስ መዝሙሩ ከውስጥ ተከፈተ።

ከዚያ የአባን ድምፅ ሰማሁ። «አዳምጥ። ጨምር።» ጨመረ። «አዳምጥ። ጨምር።» መስኮቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አዴ ጉዴ እጃቸውን እየጠረጉ ከቤታቸው ወጡ። «ምን ነካው ጃርሶ ዛሬ? ጆሮውን ሊያጠፋ ነው እንዴ?» አሉ።

«ይህን መዝሙር ስለሚወደው ነው» አልኳቸው።

መዝሙሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ለአንድ አፍታ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ከሥሩ ያለውን ሰማሁት። አባዬ እንደ ሕፃን ልጅ እየተንሰቀሰቀ ነበር። አዴ ጉዴም ሰሙት መሰለኝ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ዓይኔን ላለማየት ግን ፊታቸውን አዞሩ። ወዲያው «ጨምር!» አለ፣ የሚቀጥለው መዝሙር ዋጠው።

ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ። ተመልሼ ብገባ እንደማልሄድ አውቅ ነበር፤ እሱም ያውቃል። ሻንጣዬን ጫንኩና ሄድኩ።