ከመሀል ባሕር የመጣ ዓሣ

አያ አካሉ እንዲህ አሉ፦ «ዓሣው ወደ እኛ መውጣት የተወው፣ ጅረቱ ጣና የሚገባበትን ቦታ እነ አስማማው በመረብ ስለዘጉት ነው። ድሮ በነሐሴ ልጆቻችን በቅርጫት ይዘግኑት ነበር።»

አጎቴ አስማማው ደግሞ እንዲህ አሉ፦ «ዓሣውማ ይወጣል። መመለሱ ነው የቀረው። ላይኞቹ፣ እነ አካሉ፣ ዓሣ የሚያሰክረውን የብርብራ ፍሬ እየወቀጡ ጅረቱ ውስጥ ይበትናሉ፤ እናቱም ጫጩቱም ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። እኛ ጋ የሚደርሰው ሬሳው ነው።»

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ፣ ስለ ዓሣ ተምሬ ስለተመረቅሁ፣ ለሽምግልናው ምስክርም አስረጅም እንድሆን ጠሩኝ። ለአጎቴ እንዳላደላ ብዬ አስቀድሜ ጅረቱ ጣና ወደሚገባበት ወደ መግቢያው ወረድሁ። መረባቸው አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ደርቋል። በነሐሴና በመስከረም መግቢያው ላይ መረብ እንዳይዘረጋ ሁለቱ ወገኖች ዓምና ተስማምተው ስለነበር ደስ አለኝ። ሌላ መረብ እንዳላቸው ግን አልጠየቅሁም። እኔን ያስተማሩኝ ዓሣ እየሸጡ ነው፤ መጠየቁ ነውር መሰለኝ።

መስከረም በገባ በመጀመሪያው እሑድ አያ አካሉ ቤት ተሰበሰብን። አጎቴ የሰቡ ነጭ ዓሦች በገመድ አንጠልጥለው መጡ።

«ባዶ እጄን አልመጣም ብዬ ነው። ከመሀል ባሕር የተያዘ ነው» አሉ።

«መርዝ የለውም?» አለ ከላይኞቹ አንዱ።

«መርዙማ እናንተ ጋ ነው ያለው!»

ሁሉም ሳቀ። የአያ አካሉ ባለቤት እትዬ ወለተ ሥላሴ ዓሣውን ተቀብለው ወደ ጓሮ ሄዱ።

ሽምግልናውን የያዙት ቄስ ሀብተ ሥላሴ ናቸው። ጸሎት አድርሰው እንድናገር ፈቀዱልኝ። ጅረቱ ከላይ ቀጭንና ጥርት ያለ ነው፤ ጠጠር ላይ ይሮጣል። ታች ሲደርስ ይሰፋል፣ ይደፈርሳል፣ ይዘገያል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ የባሕሩ ውሃ ወደ ኋላ እየገፋው ደንገሉ ውስጥ ይገባል።

«ዓሣው ሁለቱንም ይፈልጋል» አልሁ። «እንቁላሉ ጭቃ ላይ ከወደቀ ይታፈናል፤ ለእሱ ጠጠርና የሚሮጥ ውሃ ነው የሚበጀው። ጫጩቱ ግን ወደ ታች ወርዶ ደንገሉ ውስጥ ተጠልሎ ያድጋል። መግቢያው ከተዘጋ ላይ የሚፈለፈል የለም፤ ላይ ከተመረዘም ታች የሚያድግ የለም።»

«ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?» አሉ ቄሱ።

«የአጎቴ መረብ አጥር ላይ ተሰጥቶ አይቻለሁ» አልሁ።

ሁሉም ፊቱን ወደ አያ አካሉ አዞረ። «ብርብራውን የወቀጠው የእኔው ልጅ ነው» አሉ። ቄሱም አባትየው ስለ ልጃቸው ድንጋይ ተሸክመው አጎቴን ይቅርታ እንዲጠይቁ ፈረዱ።

ድንጋይ ሲፈለግ እትዬ ወለተ ሥላሴ ከቤቱ ጀርባ ጠሩኝ። ገና ያልተበለተ አንድ ዓሣ አንስተው ሆዱን በአውራ ጣታቸው ጫን ሲያደርጉት፣ እንደ ማሽላ ፍሬ ያለ ቢጫ እንቁላል እየተንጠባጠበ ትሪው ላይ ፈሰሰ።

«ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ። ከመሀል ባሕር የተያዘ ዓሣ እንዲህ ይሆናል?»

መሀል ባሕር ላይ ሲያዝ እንቁላሉ ሆዱ ውስጥ እርስ በርሱ ተጣብቆ ነው የሚገኘው። እንዲህ የሚፈሰው ዓሣው መግቢያው ላይ ተሰብስቦ ጅረቱን ሊወጣ ሲል ነው። እሳቸውም እዚያ ጅረት ዳር ስላደጉ ያውቁታል። ፊቴ ነደደ።

«አይሆንም፣ እትዬ» አልሁ።

ትሪውን በኮባ ሸፈኑት። «በቤቴ እንግዳ አላዋርድም። እኔ ምንም አላየሁም» ብለው እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ስመለስ አያ አካሉ ጫማቸውን አውልቀው፣ ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ አድርገው አጎቴ ፊት ጎንበስ ብለዋል። ሽበታቸው ላይ አፈር ረግፏል። አጎቴ «በቃ አካሉ፣ በቃ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላሉ፤ እጃቸውን ግን አልዘረጉም። እኔን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። ቄሱ መስቀላቸውን አነሱ።

«አባቴ፣ ትንሽ ይቆዩ» አልሁ። «የመረቡ መሰጣት እውነት ነው። አጎቴ ያመጡት ዓሣ ግን የተያዘው መግቢያው ላይ ነው። ሌላ መረብ ውሃ ውስጥ አለ።»

አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣» አሉ አጎቴ ቀስ ብለው፣ «በማን ዓሣ ነው የተማርህ?»

«በእርስዎ።»

ላየው የደፈርሁት ሰው አልነበረም። ሄጄ ድንጋዩን ከአያ አካሉ ማጅራት አነሳሁት።

«የልጃቸው ጥፋት እንዳለ ነው፤ እሱን ቆይታችሁ ዳኙት» አልሁ። «ሳላጣራ የመሰከርሁት ግን እኔ ነኝ። ዛሬ ድንጋይ ተሸክሜ አያ አካሉን ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ከዚህ ስወጣም ወርጄ መረቡን አወጣዋለሁ፣ አጎቴ ባይፈቅዱም።»