ሳይሰበር የማይመረቅበት ቤት

ልጆቼ፣ ቀለም የቆጠርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነውና ቃሌ ቢወላገድ ታገሡኝ። በቆሬ ወንዝ ላይ የተሠራው ድልድይ ሊመረቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አመሻሹ ላይ ደጄ ተቀምጬ ልቤ አልረጋ አለኝ። መራቂው እኔ ነኝ፤ ግንበኛው ገላነህ ደግሞ የክርስትና ልጄ ነው። የምሰሶው አርማታ ሲሞላ፣ ጭቃ ያለበትን አሸዋ ሳያጥብ ከሲሚንቶ ጋር ሲያስቦካ በዓይኔ አይቻለሁ። በሰው ፊት እንዳላሳፍረው ብዬ ዝም አልኩ። ቅዳሜ ገበያተኛው ሁሉ፣ እናቶች ልጆቻቸውን እንዳዘሉ፣ በዚያ ሊሻገሩ ነው። ይህን ሳወጣ ሳወርድ እንቅልፍ ጣለኝ።

እነሆም ጋዋን የለበሰች፣ ፊቷ የፈካ ሴት እጄን ይዛ፣ ከሰፊ ሜዳ መካከል ብቻውን ወደቆመ ታላቅ ቤት አደረሰችኝ። «ስንዱ እባላለሁ፤ ይግቡ አባባ» አለችኝ። በውስጡ ብረትን በሁለት ጫፉ ይዞ እስኪበጠስ የሚጎትት ማሽን፣ በአንድ ሳምንት የብዙ ክረምት ዝናብ የሚያወርድ ክፍል፣ የቤትና የግድብ አምሳያ ተሸክሞ እንደ ምድር መናወጥ የሚርገፈገፍ ወለል አየሁ። አንድ ብረት ጧ ብሎ ሲበጠስ ሠራተኞቹ እልል አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ሲሰበር እልል ይባላል?»

«እዚህ ተሰበረልና አባባ! ሰው ላይ ቢሰበር ኖሮስ?»

«ለመሆኑ ቤቱ የማን ነው? የመንግሥት ነው የነጋዴ?»

«የማንም አይደለም፤ ስለዚህ ሁሉም ያምነዋል። ሥራውን ለፍተሻ የላከው ሰው ስም በር ላይ ይሸፈናል፤ መርማሪው የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው።»

«ስሙን ቢያውቅስ ምን ይጎዳል?»

«ይሉኝታ ይይዘዋላ! አጎቱ ወይም አበልጁ የሆነ እንደሆነ፣ አይቶ እንዳላየ ያልፋል።»

አንገቴን ደፋሁ። ወዲያው ቁጥር የተጻፈበት የአርማታ ቁራሽ ከመጭመቂያ ማሽን ሥር ሲያኖሩ፣ የወንዛችንን ቀይ ጭቃ በጎኑ ላይ ለየሁት።

«እባክሽ ልጄ፣ ይሄን ተዪው።»

«ያውቁታል እንዴ?»

«የልጄ ሥራ ነው» አልኩ።

ማሽኑ ገና ጫን ሲለው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ሠራተኞቹ እልል አሉ፤ እኔ አለቀስኩ። ስንዱ በእጅጌዋ እንባዬን ጠረገችልኝ።

«ገና ማንም አልተሻገረበትም እኮ አባባ፤ ምን ያስለቅስዎታል?»

«ሠሪውስ? ታዋርዱታላችሁ?»

«ለምን ብለን? ያንን ክፍል ይመልከቱ» አለችኝ። ያጎነበሱ ግንበኞች አሸዋ እያጠቡ፣ እየነፉ፣ እየመዘኑ ይሳሳቁ ነበር። «ሥራቸው እዚህ የተሰበረባቸው ናቸው። ፈተናውን የወደቀውን ምሰሶ አፍርሰው እንደገና የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው። አሁን ከእነሱ የሚበልጥ ግንበኛ የለንም።»

ዶሮ ሲጮኽ ነቃሁ። እንዲህ ያለ ቤት ለአገራችን እንደሚያስፈልግ በየደረስኩበት ልናገር ቆረጥኩ፤ ነገር ግን ከሁሉ በፊት መስማት ያለበት አንድ ሰው ነበር። ዱላዬን አንሥቼ ገላነህ ደጅ ደረስኩ። ለምርቃቱ የተዘጋጀውን አዲስ ጋቢ ደርቦ ወጣ።

«ምነው አባባ በማለዳ? ሰዉ ገና አልተሰበሰበም እኮ!»

«ሰው ሳይሰበሰብ ስለ ምሰሶው ላነጋግርህ ነው የመጣሁት ልጄ» አልኩት። «ና፣ እዚህ አጠገቤ ቁጭ በል።»