ገለፉን የረገጠ

የፓሮ ሰማይ ለሰው አያዝንም። ጠዋት ጥርት ብሎ ይውላል የተባለው ከምሳ በኋላ ይከፋል፤ ንፋሱ ሸለቆውን ሲያምስ ደመናው ተራራውን ይውጠዋል። ይህን የማያውቅ ቡታናዊ የለም፤ ሌኪም ታውቃለች። ግን እናቷ ሞታለች፣ ኮከብ ቆጣሪውም አስከሬኗ የሚቃጠልበትን ቀን ለነገ ጠዋት ቆርጧል። እሱ የቆረጠውን ቀን ንጉሥም አይገፋውም። ከቡምታንግ ወደ ፓሮ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ደግሞ የክረምቱ ናዳ በልቶታል። የቀረቻት ይህች ትንሽ አውሮፕላን ብቻ ናት፤ እሷም አርፍዳ ተነሣች።

ሌኪ ጭኗ ላይ አንድ ቆርቆሮ ቅቤ ታቅፋለች። ከገዛ ላሞቿ የተናጠ ነው፤ በእናቷ አስከሬን ፊት ለሚነደው የቅቤ መብራት የሚሆን።

ፓሮ ሊደርሱ ሲሉ አውሮፕላኗ ተንገጫገጨችና ፊቷን ወደ ደቡብ አዞረች። አብራሪው ፓሮ በንፋሱ ስለተዘጋ ገለፉ እንደሚያርፉ ተናገረ። በዚያ በወረርሽኙ ዓመት የአገሩ መሬት የተበከለና ንጹሕ ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ገለፉ ቆላ ነው፣ ከህንድ ድንበር ጋር ይዋሰናል፣ ስለዚህ የተበከለ ነው። ገለፉን የረገጠ ወደ ደጋው ከመመለሱ በፊት አንድ ሳምንት ለይቶ ማቆያ ይገባል። ሹምም ይሁን ገበሬ፣ ለቅሶም ይኑረው ሠርግ፣ ያው ነው።

«በሩ እስካልተከፈተ ድረስ ግን እንደረገጣችሁ አይቆጠርም» አለች አስተናጋጇ፣ መሬት ላይ ከቆሙ በኋላ። «ፓሮ ሲከፈት ከዚሁ ተነሥተን እንሄዳለን። ለአንድ ሰው እንኳ ከተከፈተ ግን ሁላችንም ገባን ማለት ነው።»

«ላም አለኝ በሰማይ» አለ ከኋላ አንድ ነጋዴ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

ከሌኪ አጠገብ የተቀመጡት አፕ ገምቦ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። የዐይናቸውን ሞራ ሊያስገፍፉ ነው የሚሄዱት፤ ተራቸው እስኪደርስ ብዙ ጠብቀዋል። መንገዱን ሙሉ ሲያዋሯት ስለመጡ ሐዘኗንም ነግራቸዋለች።

«ቅቤሽ ቀለጠ እኮ» አሏት።

«ይቅለጥ አባባ፤ መንደዱ አይቀር።» ይህን ብላ ድምፅዋ ተሰበረ።

«እንዳታለቅሺ። የልጅ እንባ ሟች በምትሄድበት መንገድ በረዶ ሆኖ ይወርድባታል ሲሉ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።»

«እኔ ግን ሚስቴ ስትሞት እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። ያቺን ሴትዮ በረዶ አይበግራትም፤ ሠላሳ ዓመት እኔን ችላለች።»

ሌኪ ሳትወድ በግዷ ሳቀች።

ሙቀቱ እየባሰ ሄደ። የደጋ ሰው የቆላ ሙቀት አይችልም፤ በተዘጋ ቆርቆሮ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አስተናጋጇ ውኃ አደለች፣ ሰዉ ባገኘው ሁሉ እያራገበ ሰማዩን ረገመ። አፕ ገምቦ ወሬያቸውን አቆሙ። ሌኪ ዞር ብላ ስታያቸው ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል። እጃቸውን ብትነካው ቀዝቃዛ ነው።

«አባባ፣ አሞዎታል። አስተናጋጇን ልጥራት?»

«አርፈሽ ተቀመጪ» አሏት በቀስታ። «ካወቁብኝ በሩን ያስከፍታሉ። ሰው የእናቱን እሳት የሚያየው አንዴ ነው። እኔ ደህና ነኝ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ደህና እንዳልሆኑ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እሷም ታውቃለች። ግን ደህና ነኝ ያለን ትልቅ ሰው አይደለህም ብሎ መሟገት ነውር ነው አለችና በነውሩ ተከልላ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ያየችውን እንዳላየች ሆነች። እናቴ ናት፣ አለች በልቧ፤ አንዲት እናት ናት ያለችኝ። እንዲህ እያለች ለመቀመጥ ያህል ተቀመጠች እንጂ ከመስኮቱ ውጭ ምን እንዳለ አንድም ነገር አላየችም።

በመጨረሻ አብራሪው ፓሮ መከፈቱንና አሁኑኑ እንደሚነሡ ተናገረ። አውሮፕላኗ በጭብጨባ ተናወጠች። አፕ ገምቦም ሊያጨበጭቡ እጃቸውን አነሡ፤ እጆቻቸው ግን ሳይገናኙ ተላለፉ። ደግመው ሞከሩ። አሁንም ተላለፉ።

ሌኪ ደወሉን ተጫነች።

«ተይ ብዬሽ!» አሉ ሽማግሌው፣ ምላሳቸው እየተሳሰረ።

«በሩን ክፈቱት» አለች ሌኪ ለአስተናጋጇ። «እኚህ ሰው ፓሮ አይደርሱም።»

ነጋዴው ከመቀመጫው ተነሣ። «ሴትዮ፣ አሁን? ሞተሩ ሊነሣ ሲል? እስካሁን የት ነበርሽ?»

እሷም ራሷን የጠየቀችው ይህንኑ ነው።

በሩ ተከፈተ። ከእግር እስከ ራሳቸው የተሸፈኑ ሰዎች ገብተው አፕ ገምቦን በቃሬዛ አወረዷቸው፤ ሌላውም እያጉረመረመ አንድ በአንድ ገለፉን ረገጠ። ሌኪ መጨረሻ ወረደች።

ለይቶ ማቆያ የሆነው አንድ ሆቴል ነበር። ለብቻዋ ክፍል ሰጧት፣ ምግቧን በር ላይ አስቀምጠው አንኳኩተው ይሄዳሉ። በማግስቱ ማለዳ ነርሷ ከደጅ ሆና «ሽማግሌው ልባቸው ነበር፤ ተርፈዋል» አለቻት። «"ሞኝ ነሽ በሏት" ብለውሻል።»

«ልክ ናቸው በያቸው» አለች ሌኪ።

ነርሷ ከሄደች ጥቂት ቆይቶ ስልኳ ጮኸ። ታናሽ ወንድሟ ናምጋይ ከፓሮ፣ ከማቃጠያው ሥፍራ ነው።

«እትዬ፣ እሳቱ አልያዝ አለ።»

«እንጨቱ ረጥቦ ይሆናል።»

«ኧረ ደረቅ ነው። ቅቤም አፍስሰንበታል። ጸሎቱን የሚመሩት ላማ "ሰው እየጠበቀች ነው" አሉ። ትናንት ጠዋት እንደ ደንቡ አስከሬኗ ፊት ምግቧን ሳቀርብላት፣ ሌኪ በአውሮፕላን እየመጣች ነው ብያት ነበር። ደስ እንዲላት ብዬ።»

«ከዚያስ? ማታ ስታቀርብላት ቀረች አላልካትም?»

«አላልኳትም። ለሟች ያልሆነ ነገር እንደማይነገር መቼ ጠፋኝ። ግን እንዴት ብዬ? ጉድ ሠርቼብሻለሁ እትዬ። አንቺው ንገሪያት፣ አንቺን ትሰማሻለች።»

ስልኩን ወደ እንጨቱ እንዳስጠጋው ከንፋሱ ድምፅ ገባት። ሌኪ አልጋዋ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«እማ» አለች። «እኔ ነኝ። ገለፉ ነው ያለሁት። ንፋሱ ነው የመለሰን። መንግሥት ደግሞ...» እዚህ ላይ ቆመች። ንፋሱም መንግሥትም እውነት ነበሩ፤ እናቷን የሚያሰናብታት እውነት ግን እነሱ አልነበሩም።

«እማ፣ ልመጣ እችል ነበር። ሰማዩ ተከፍቶ ነበር። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ታመሙብኝ። አይቼ ዝም አልኩ፤ ላንቺ ብዬ። በኋላ ግን አልቻልኩም። በሩን ያስከፈትኩት እኔ ነኝ። ናምጋይ የነገረሽ አልሆነም። አልመጣም፣ እማ። አትጠብቂኝ። ሂጂ።»

ከስልኩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ንፋስ ብቻ ተሰማ። ላማውም የሚደግሙትን አቋርጠው ነበር። ሌኪ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ተጫነች። እሳቱ መያዙን ያወቀችው ወንድሟ ስቅስቅ ብሎ ማልቀስ ሲጀምር ነው።