የዳነ ተረከዝ

ማኒዤ ትንሿን አደባባይ ለአራተኛ ጊዜ ስትዞር አትክልት ሻጩ ሁሻንግ ዱባ መደርደሩን ትቶ ቀና አለ፤ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ 'ኻኖም'፣ እመቤት፣ ብሎ ነው የሚጠራት።

"ማኒዤ ኻኖም፣ በጠዋቱ እንዲህ ሽክ ያሉት ለማን ነው? ሽማግሌ ሊልክ ያሰበ ሰው አለ እንዴ?"

"አርፈህ ዱባህን ደርድር" አለችውና ሳትቆም አለፈች።

ጫማው ጥቁርና ጠባብ፣ ኋላው ደረቅ ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ ለዘመድ ሠርግ የገዛችው ነው፤ ያን ጊዜም አልተመቻትም። ሐኪሞቹ ያዘዙላት ሰፊ ጫማ አልጋ ሥር ቀርቷል። ሠላሳ ዓመት የቴህራንን ስልክ ስታገናኝ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ሥልሳ ስምንት ዓመት የሞላት ሴት ናት፤ የምታደርገውን አሳምራ ታውቃለች። ዛሬ ማክሰኞ ነው። አራት ሰዓት ላይ ነርሷ ፋርናዝ ትመጣለች። የግራ ተረከዟን ቁስል እንደተዘጋ ካገኘችው ፎቶ አንስታ፣ መዝገቡን ዘግታ ትሄዳለች፤ ከዚያ ወዲያ አትመጣም። ተከፍቶ ካገኘችው ግን ትመጣለች። ማኒዤ አምስተኛውን ዙር ጀመረች።

ከስድስተኛው ዙር በኋላ ቤት ገብታ ጫማውን ስታወልቅ ካልሲዋ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ደም አየች። አላመማትም፤ የስኳር በሽታው የእግሮቿን ስሜት ከወሰደው ቆይቷል። ጫማውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ እግሯን አጠበችና ፋሻውን መለሰች። ያን ጊዜ ነው ኀፍረት የተሰማት።

ቁስሉ ሁለት ዓመት ሙሉ አልሽር ብሎ አሳር አብልቷታል። አንዱ ሐኪም እግሩ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ይቆረጥ ብሎ ነበር። በኋላ አንድ የምርምር ማዕከል ተቀበላት። ከሆዷ ትንሽ ስብ ወሰዱ፤ ከስቡ ግንደ ሕዋስ ለይተው ለሳምንታት በቤተ ሙከራ አራቡት፤ ከዚያ በቁስሉ ዙሪያ በቀጭን መርፌ መልሰው ወጓት። የገዛ ሕዋስሽ ነው የሚጠግንሽ አሏት። በመጀመሪያው ወር ምንም ነገር አልታየም። በሁለተኛው የቁስሉ ጠርዝ ቀላ፣ ከሥሩ ሥጋ ወጣ፤ በአምስተኛው ወር ስስ ቆዳ ለበሰ። ሁሉም ደስ አለው፤ እሷም ደስ ብሏት ነበር። አራት ሳምንት እንደተዘጋ ከቆየ ጉብኝቱ እንደሚያበቃ ስትሰማ ግን ደስታዋ ጠፋ።

ከረቡዕ እስከ ሰኞ የበሯን ደወል የሚነካ የለም። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ልጅ አልወለዱም። ካራጅ ከተማ ያለው ወንድሟ አርብ አርብ ይደውላል፤ ደህና ነሽ ይላል፣ ደህና ነኝ ትላለች፣ ይዘጋሉ። ማዕከሉ በየማክሰኞው የሚልካት ፋርናዝ ግን አርባ ደቂቃ ሙሉ ትቀመጣለች። እያጠበች አማቷን ታማለች፣ ስለ አውቶቡሱ ግፊያ ታማርራለች፣ የማኒዤንም ወሬ እየሳቀች ትሰማለች።

እንግዲያ ለምን አትጋብዛትም የሚል ይኖራል። ጋብዛታለች፤ በየሳምንቱ ምሳ ቆዪ ትላታለች፣ ፋርናዝም በየሳምንቱ አላስቸግርዎትም ትላለች። በዚህ ከተማ ምሳ ብሉልኝ የማይል ሰው የለም፤ ታክሲ ነጂው እንኳ ሂሳብ ሲሰጡት ይቅር ይላል። የትኛው ከልብ፣ የትኛው ለወግ እንደሆነ ግን ማን ያውቃል?

ፋርናዝ አራት ሰዓት ላይ የሕክምና ሳጥኗንና አንድ ካርቶን ኬክ ይዛ መጣች፤ ኬኩ ለደስታው ነው። ፋሻውን ስትፈታ ወሬዋን አቋረጠች።

"መቼ ነው የተከፈተው?"

"እንጃ፣ ልጄ። ጠዋት ነው ያየሁት።"

"ሌላ ጫማ አድርገዋል?"

"እኔ ምን ሌላ ጫማ አለኝ።"

ፋርናዝ አመነቻት። ማኒዤን የባሰ ያሳፈራት ይኸው ማመኗ ነው። ነርሷ አሠራሩን በድካም አስረዳቻት። ቁስሉ በራሱ ከተከፈተ ሕዋሱ አልያዘም ተብሎ ይጻፋል፤ እንደገና መርፌ ይሰጣትና አምስት ወር ሙሉ በየማክሰኞው ትጎበኛለች። በጫማ ወይም በምት ከሆነ ግን ሕክምናው ሠርቷል ይባላል፤ ጭረቱን የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ያጥበዋል። ማኒዤ ይህን ካለፈው ወር ጀምሮ ታውቃለች። ያሰበችው ሁሉ ተሳክቶላታል።

ፋርናዝ ቁስሉን እያጠበች ለራሷ እንደምታወራ ያህል ቀጠለች። ቅዳሜ ስብሰባ አለ፤ ሌሎች በሽተኞች ይቀጥሉ አይቀጥሉ የሚወሰነው ሕክምናውን መጀመሪያ በሞከሩት ዘጠኝ ሰዎች ውጤት ነው፤ ከሁሉ ደህና የዳነው ደግሞ የማኒዤ ተረከዝ ነበር። ከተፈቀደ ተራው ሬይ የሚባለው ሰፈር የሚኖር የአንድ ዳቦ ጋጋሪ ነው። የእሱም እግር ሊቆረጥ ቀን ተቆርጦለት ሐኪሞቹ እስከ ቅዳሜ ጠብቁ ተብለው ተለምነዋል።

"ሰው አለው?" አለች ማኒዤ።

"አይመስለኝም። ለቀዶ ጥገናው አስታማሚ ይዘህ ና ሲሉት የማመጣው ሰው የለኝም አለ።"

ፋርናዝ ቅጹን ጭኗ ላይ ዘርግታ ብዕሯን አወጣች።

"ቆይ" አለቻት ማኒዤ። "በራሱ አልተከፈተም። ጠባብ ጫማ አድርጌ አደባባዩን ስድስት ጊዜ ዞርኩ።"

"ለምን?"

"እንዳትቀሪብኝ።"

ፋርናዝ ብዕሯን ከቅጹ ላይ አነሳች። የተቆጣች መሰለች፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ታዲያ ለምን አይነግሩኝም?"

"ስንት ጊዜ ምሳ ቆዪ አልኩሽ?"

"እኔ እኮ ለወጉ መስሎኝ ነው።"

"እኔም እምቢታሽ የምር መስሎኝ።"

ሁለቱም ሊስቁ ቃጥቷቸው ሳይሆንላቸው ቀረ። ፋርናዝ ይህ ከተጻፈ እዚህ ቤት ተመልሳ እንደማትላክ፣ ማክሰኞዋም ከተፈቀደለት ለዳቦ ጋጋሪው እንደሚሰጥ ሳትደብቅ ነገረቻት። ማኒዤ እግሯን ተመለከተች። የሌላ ሰው እግር ይመስል ምንም አይሰማትም፤ ደረቷ ግን ከብዷታል።

"ጻፊ" አለች። "ጫማ ነው ብለሽ ጻፊ።"

ፋርናዝ ጻፈች። ፎቶውን አነሳች፣ አዲስ ፋሻ አሰረችላት፣ ሳጥኗን ዘጋች። በሩ ላይ ጉንጯን ሳመቻትና ሁሉም ሰው ሲለያይ የሚለውን አለች።

"እመጣለሁ፣ ማኒዤ ኻኖም። አንድ ቀን እመጣለሁ።"

እንዲህ ሲባል ዓይንሽን ያሳየኝ ብሎ መሸኘት ነው ወጉ። ማኒዤም ልትለው አፏን ከፍታ ነበር፤ ተወችው። የነርሷን እጅጌ ያዘች።

"ቀን ቁረጪ" አለቻት።