አንገተ መላጣዎቹ

በሰው አገር፣ ዐማራት በሚባል የሀብታሞች ሰፈር ውስጥ አሠሪዬ የነበረችው እመቤት፣ ሲት ኸዲጋ፣ «የወርቅ ሐብሌን ሰርቀሻል» ብላ እንግዶቿ ፊት አንገቴን ገልጣ ፈተሸችኝ። ሐብሉ ከራሷ ትራስ ሥር ሲገኝ ይቅርታ እንኳ አላለችኝም። እልሄን ዋጥኩት።

ኩራቷ ከፈረንሳይ ያስመጣቻቸው ማራን ዶሮዎች ነበሩ፤ አንገታቸው ወርቃማ፣ እንቁላላቸው እንደ ቴምር የጠቆረ። የምታስፈለፍለው በጣም የጠቆረውን መርጣ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሳምንታት፣ ቀትር ላይ ስትተኛ የሷን አውራ ዶሮ ለይቼ እቆልፍበትና የጎረቤቱን ከተፈጥሮው አንገቱ ላባ የሌለው አንገተ መላጣ አውራ ወደ ሴቶቹ አስገባለሁ። የእንቁላል ቀለም ከእናትየዋ ስለሆነ ምንም አልጠረጠረችም፤ «ማሻአላህ!» እያለች መርጣ አስፈለፈለች።

ጫጩቶቹን ልታሳይ እነዚያኑ እንግዶች ጠራች። ሁሉም አንገታቸው ራቁቱን ነው።

«ያ ሲት፣ እመቤቴ» አልኳት ሻንጣዬን አንስቼ፣ «የእነዚህንም ሐብል እኔ ነኝ የሰረቅኩት? ነይ ፈትሺኛ!»