አባባ አልወስድም ያሉት ቃል

በስፌት ፋብሪካው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አሥራ ስምንት ዓመት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አጥፊውን «ዘንግተዋል» ካልኩት በምክር ይታለፋል። «ጥሰዋል» ካልኩት ግን አለቀለት፤ እያወቀ አደረገው ማለት ነው። ፋይሉ ከነደንቡ ለዋናው መሥሪያ ቤት ይላካል፣ ብዙ ጊዜም ስንብት ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ይህችን ቃል እንደ መርዝ በጠብታ ነው የማወጣት።

በዚያ በሙቀቱ ሰሞን የጥበቃው አባባ የኋላውን በር ጓጉንቸር በመዶሻ ሰበሩት። ደንቡ «ያለ ሥራ አስኪያጁ ፊርማ አይከፈትም» ይላል። ሥራ አስኪያጁ ምሳ ወጥቷል፤ ውስጥ ሦስት ልብስ ሰፊዎች በሙቀቱ ታፍነው፣ ተዝለፍልፈው ወድቀዋል። አባባ ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው አራት ወር ነበር።

«ዘንግተዋል ብለሽ ጨርሺው፤ ነገር አናብዛ» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። እኔም ደስ ብሎኝ ጻፍኩና አባባን ጠራኋቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ልጄ፣ ምኑን ነው የዘነጋሁት?»

«ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው አባባ። ይፈርሙና ይገላገሉ።»

«ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ነገር ነው። ደንቡን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እያወቅሁ ነው የሰበርኩት። ዘነጋሁ ካልኩ ደንቡ ልክ ነው፣ እኔ ጃጅቻለሁ ማለት ነው። ነገ ሌላው ዘበኛ ፊርማ ሲጠብቅ ሰው ይሞታል። ጥሰዋል በይ።»

«ጡረታውስ?»

«እሱን ለእኔ ተዪው።»

ተናደድኩባቸው። ግትር ሽማግሌ! ሳልወድ በግዴ ጻፍኩት። እሳቸው ግን ፈረሙና «አሁን ገና ደብዳቤ ጻፍሽ» አሉኝ። አፈርኩ።

ለሦስት ሳምንት ደንበኛ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ ከዋናው መሥሪያ ቤት መልሱ መጣ። አባባ ደንቡን ጥሰዋል፤ የሰው ሕይወት ለማትረፍ ስለሆነ ግን በማስጠንቀቂያ ይታለፋሉ። የኋላው በር ከእንግዲህ በሥራ ሰዓት አይቆለፍም። ከሥር ደግሞ አንድ መስመር ነበረች፦ ሥራ አስኪያጁ የሠራተኞችን ደኅንነት ዘንግተዋል።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ጨብጦ እየጦፈ ቢሮዬ ገባ።

«ዘንግተዋል? እኔን ነው? ይሄን ቃል ከየት አመጡት?»

«ከዚሁ ከእኛ ቢሮ ነው» አልኩት። «አባባ አልወስድም ሲሉ ተርፎ ነበር።»