የሰሚያ ሸክላ

ሰሚያ የማጫወቻውን መርፌ የሙዚቃ ሸክላው ላይ አሳረፈች። ማጫወቻው አባቷ ሐጂ ዐብዱልከሪም በወጣትነታቸው የገዙት፣ ከዚያ ሃያ ዓመት ሙሉ ቁም ሣጥን ላይ የከረመ ነው፤ ከጠጋኙ እጅ የወጣው ገና ትናንት ነበር። መጀመሪያ የሚንሿሿ ነገር ብቻ ተሰማ። ከዚያ ቤዙ መጣ፤ ከጆሮ ይልቅ ደረት ላይ የሚያርፍ ወፍራም ድምፅ። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንቀጫቀጩ።

"ያ ረቢ! ቤቱን ልታፈርሽብኝ ነው?" አሉ ሐጂ።

"እንዲህ ነው የሚደመጠው፣ አባ።"

እንግዳቸው አያ ቢያዝን ወደ ማጫወቻው ጠጋ አሉ። ሰሚያ በስልክ ጠርታቸው፣ ከደምቢያ፣ ከቆላ ድባ በጠዋቱ ሚኒባስ የመጡ አርሶ አደር ናቸው። ሐጂ በገበያ ቀን ጨርቅ ሊሸጡ ወደዚያ ሲወርዱ ዕቃቸውን የሚያሳድሩት እሳቸው ቤት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2006 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ሰሚያ አባቷን ተከትላ ወርዳ ነበር። ያኔ አያ ቢያዝን ውድማ ላይ በሬዎቻቸውን እየነዱ ጤፍ ሲያበራዩ ድምፃቸውን በስልኳ ቀዳች።

ከዚያ ወዲህ የአባቷ ሱቅ ጭር ባለ ቁጥር ከጨርቁ ጥቅል ጀርባ ኮምፒውተሯን ትከፍታለች። በዚያው ድምፅ ዙሪያ አራት ሙዚቃ ሠራች። ለብዙ የሙዚቃ አሳታሚ ላከች፤ አብዛኞቹ አልመለሱላትም። በመጨረሻ ጀርመን አገር ያለ አንድ ትንሽ አሳታሚ ሦስት መቶ ሸክላ አተመላትና እንድታየው አሥሩን በፖስታ ላከላት። የቀረው አርብ ለገበያ ሊወጣ ነው።

በቤዙ መሀል የሰው ድምፅ ብቅ አለ። "ሆ ዳልቻ! ዙር ዳልቻ!" እየተመላለሰ፣ አንዴ ቀረብ አንዴ ራቅ እያለ።

አያ ቢያዝን ቀና አሉ። "ይኼ እኔ ነኝ?"

"እርስዎ ነዎት።"

ሙዚቃው ሲያልቅ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

"ዳልቻ በሬዬ እኮ ሞተ። አምና ሐምሌ፣ እርሻ መሀል ተኛና ሳይነሣ ቀረ። እኔ እዚህ ውስጥ እስካሁን እየጠራሁት ነው።"

ሐጂ "አላህ ይተካ" አሉ ቀስ ብለው።

አያ ቢያዝን መዳፋቸውን ጋቢው ላይ ጠርገው የሸክላውን ሽፋን አነሡ። ፊቱን አዩ፤ ጀርባውን አዩ። "ሸጋ ነው። ስሜስ የቱ ላይ ነው?"

ፊቱ ላይ በትልልቁ የተጻፈው የሰሚያ ስም ነው። ጀርባው ላይ፣ ከታች፣ በደቃቁ በእንግሊዝኛ "ድምፅ፦ አንድ ገበሬ" ይላል። አሳታሚው የማን ድምፅ እንደሆነ ጠይቋት ነበር። ስሙ ጀርመን ላለ ሰው ምን ያደርግለታል ብላ፣ እየቸኮለችም ስለነበር፣ እንደዚያ ብላ መለሰች። ሁለቱም ሽማግሌዎች እንግሊዝኛ አያነቡም። ጣቷን የትኛውም መሥመር ላይ ብታሳርፍ ያምኗታል። ጣቷን አነሣችም።

"የለም" አለች መልሳ አውርዳው። "'አንድ ገበሬ' ነው የሚለው። እንደዚያ ብዬ የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ።"

"ምነው?" አሉ አያ ቢያዝን። አልተቆጡም፤ ግራ ገብቷቸው ነው። "ደምቢያ እኮ ሙሉው ገበሬ ነው። የትኛው ብለው ይወቁኝ?"

ሐጂ ጣልቃ ገቡ። "ልጅ ናት፣ አያ ቢያዝን፤ ሳታስበው ነው። በሚቀጥለው ታስገባዋለች።"

"ይሁን፣ ሐጂ። በሚቀጥለው።" ሽፋኑን እንዳይታጠፍ ተጠንቅቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

ሰሚያ የሚቀጥለው መኖሩንም አታውቅም። ሽፋኑ እንደገና ይታተም ብትል ሦስት ወር ይፈጃል፤ ያዘዙት ሱቆች እስከዚያ እንደሚጠብቁ ማንም ዋስ አይሆናትም። አሳታሚው ግን ጠዋት ጽፎላታል፤ ስሕተት ካየሽ ዛሬውኑ አሳውቂን ይላል።

ስልኳን አወጣች። "አያ ቢያዝን፣ የአባትዎ ስም ማን ነው?"

"የእኔ አባት? ወልደ ዮሐንስ።"

"ሽፋኑ እንደገና ይታተም ልላቸው ነው" ብላ ለአሳታሚው ስሙን ፊደል በፊደል ጻፈች። ሐጂ ከትከሻዋ በላይ ስልኩን እያዩ፣ "አርብ ነው የሚወጣው ብለሽኝ አልነበር? ሁለት ዓመት የለፋሽበት ነው እኮ" አሏት።

"አርብ አይወጣም፣ አባ" አለችና መልእክቱን ላከችው።